ዶርም ለሚገባ ልጅ ምን ይጫን? ምንስ ይቅር?

የዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ከወሎ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ልጅን አዲስ አበባ ልኮ ዶርም ስለማስገባት የሚጠይቁ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምረን ስድስቱን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም አዘጋጆች። ልጄ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ አልሐምዱሊላህ። ፍራሽ፣ ቡልኮ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ድስትና አንድ ማዳበሪያ ዱቄት አሰናድቻለሁ። አባቷ «ይህን ሁሉ ማን ይሸከመዋል?» ይላል። እኔ ደግሞ ልጄ ሰው ፊት ጎድሎባት እንድትታይ አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ? (እናት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። በዚህ ጉዳይ እኛም ከአባቷ ጋር ነን። ልጅዎ መያዝ ያለባት ብቻዋን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ልታደርሰው የምትችለውን ያህል ነው። አባትም ሆነ ወንድም የሴቶች ዶርም ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የምትሰነባበቱት የግቢው በር ላይ ነው። ነባር ተማሪዎች ዕቃ ያግዛሉ፤ ነገር ግን በምዝገባ ቀን ለሁሉም አይዳረሱም።

ቦታውንም ያስቡት። ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው የተደራራቢው አልጋ ላይኛው ወይም ታችኛው ክፍል፣ አንድ ጠባብ ሎከርና ከአልጋው ሥር ያለው ክፍተት ነው። ያንን ክፍል አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ልጆች ይጋሩታል። ማዳበሪያ ዱቄት እዚያ መሬት ላይ ከተቀመጠ አይጥ ይጠራል። ምድጃውንና ድስቱን ይተዉት፤ ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል ስለሆነ ሲገኝ ይወሰዳል። ቢላዋም በበሩ ፍተሻ አያልፍም። ፍራሽ የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ጥሪው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምጡ የሚባለው አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጭነት የመኝታ ልብስ ይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ያስፈልጋታል። ቡልኮው ይሞቃል፤ ግን ከባድ ነው፣ ታጥቦም ቶሎ አይደርቅም፣ እዚያ ደግሞ የማስጫው ገመድ ወረፋ አለው። አንሶላ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። የዶርም አልጋ ጠባብ ነው፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለሜትር ከሃያ አልጋ የተሰፋ አንሶላ ከፍራሹ ሥር በደንብ ይታጠፋል። የሜትር ከሃምሳው ግን ይንዘላዘላል፤ በተለይ ላይኛው አልጋ ላይ የተኛች ልጅ አንሶላ ታችኛዋ ፊት ላይ ይወርዳል። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

በሚዛን ሲታይ ብርድ ልብስ 3 ኪሎ፣ ጋቢ 2፣ አንሶላና ፎጣ 2፣ ልብስ 7፣ ጫማ 2፣ ስንቅ 4፣ በድምሩ 20 ኪሎ ነው። ከዚህ ካለፈ ከልብሱ ይቀንሱ። አንድ ትልቅ ሻንጣ ከሚሆን የመኝታ ልብሱን በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ፣ ሌላውን በመካከለኛ ሻንጣ ይክፈሉት። የሻንጣ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ይሰበራል፣ ደረጃ ላይም አይረዳም። ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ የልብስ ማንጠልጠያና ሳሙና ከሐይቅ አይጫንም፤ በየግቢው ዙሪያ ይሸጣል። ስድስት ኪሎ ግቢ ከተመደበች የሽሮ ሜዳ ገበያ ቅርቧ ነው። ከቤት የሚገዛ አንድ ነገር ቢኖር ለሎከሩ የሚሆን ጠንካራ ቁልፍ ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ያስፈልጋታል። ቀለበቱ ቀጭን ይሁን፣ ወፍራሙ በሎከሩ ቀዳዳ አያልፍም። ትርፍ መክፈቻውን ሎከሩ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ታስቀምጥ።

ልጅዎ ጎደለባት የምትባለው ድስት ስላልያዘች አይደለም፣ እናታችን። የሚያስቸግራት በመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ገንዘብ ከሌላት ነውና ለዱቄቱ ሊያወጡት የነበረውን በስልኳ ቢያስገቡላት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የልጄ ጥሪ ሰኞና ማክሰኞ ነው። ከወልድያ አልፎ አያውቅም። በአንድ ቀን አዲስ አበባ ይገባል? እኔስ አብሬው ልሂድ? (አባት፣ ከመርሳ)

መልስ፦ አባታችን፣ በአንድ ቀን ይገባ ይሆናል፤ የሚገባው ግን በጨለማ ነው። ከተማውን የማያውቅ ልጅ ሻንጣ ይዞ ማታ መናኸሪያ እንዲወርድ አንመክርም። ቅዳሜ ከመርሳ ደሴ ይውረድ፤ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእሑዱን ትኬት አስቀድሞ ይቁረጥ፤ በጥሪ ሰሞን ሁሉም የሚሄደው በአንድ ቀን ስለሆነ ወንበር ያልቃል። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከደሴ ከተነሣ ወደ 400 ኪሎ ሜትሩን ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተጉዞ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ በብርሃን ይደርሳል። ሰኞ ይመዘገባል። ማክሰኞ መጠባበቂያ ነው እንጂ የመሄጃ ቀን አይደለም። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ከባድ መኪና መንገድ ሲዘጋ ግማሽ ቀን እንደዋዛ ያልፋል። ከመነሣቱ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ሞቃት ነው፤ ከደብረ ሲና ሽቅብ ግን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጁ ላይ ይሁን። ጠመዝማዛው የሚያስታውከው ከሆነ ቁርሱ ቀለል ያለ፣ ወንበሩም ከፊት ቢሆን ይሻለዋል። ፖርቶ ባጋጅ ላይ የሚጫን ሻንጣ ሸራ ቢለብስም ዝናብ ይገባዋልና ልብሱ መጀመሪያ በላስቲክ ይጠቅለል። ስሙና የእርስዎ ስልክ ከሻንጣው ውጭም ውስጥም ተጽፎ ይለጠፍ። ማስረጃዎቹ በምንም ዓይነት መኪናው ላይ አይጫኑ፤ ከእቅፉ አይለዩ።

የደሴ አውቶቡሶች ብዙዎቹ የሚያራግፉት ላምበረት መናኸሪያ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪ ቀን መናኸሪያ ድረስ አውቶቡስ ይልካሉ፤ ጥሪው ላይ ካለ ልጁ የዩኒቨርሲቲውን ባነርና መታወቂያ አይቶ ይሳፈር። «ነባር ተማሪ ነኝ፣ ሻንጣህን ልያዝልህ» ለሚል ሰው አይስጥ። ተሸካሚ ከጠራም ዋጋው ከመነሣቱ በፊት ይቆረጥ። ራሱ የሚሄድ ከሆነ ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ታክሲ አለ። ሚኒባስ ለሻንጣ ተጨማሪ ያስከፍላል። ስለዚህ ሦስት ልጆች ተጋርተው በስልክ በሚጠራ ታክሲ፣ በ«ራይድ» ወይም በ«ፈረስ»፣ ቢሄዱ ብዙም አይጎዱም።

ከመነሣቱ በፊት ግን ግቢውን ይወቅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ አጥር ውስጥ ያለ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታና ጥቁር አንበሳ የተለያዩ በሮች ናቸው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በከተማው ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ከላምበረት ከተማውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከምሽቱ በፊት ሰፊ ጊዜ ያስፈልገዋል።

አብረው ስለመሄድዎ፦ ከአካባቢዎ የተጠሩ ሦስት አራት ልጆች ካሉ አብረው ይሂዱ፤ የእርስዎ የደርሶ መልስና የማደሪያ ወጪ ለልጁ የመጀመሪያ ወር ኪስ ገንዘብ ይሁን። ብቻውን ከሆነ ግን ሸኙት። ሲሸኙም የራስዎን ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ፤ ግቢ ውስጥ አይታደርም።

ጥያቄ፦ የወጪ መጋራት ውል (ተማሪው ከወጪው ድርሻውን ከምረቃ በኋላ የሚከፍልበትን) ስንፈርም ምግቡን በዓይነት ወይስ በገንዘብ እንምረጥ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ምርጫው ከተሰጠ ለመጀመሪያው ሴሚስተር በዓይነት፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ምረጡ። በገንዘብ የሚሰጠው አዲስ አበባ ውስጥ ውጭ ለሚበላ ሰው ወር አያደርስም፤ ክፍያውም ሁልጊዜ በቀኑ አይገባም።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስም መሐመድ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ12ኛ ክፍል ውጤቴ ላይ መሐል ያለው «ኤም» ሁለት ጊዜ፣ በትራንስክሪፕቴ ላይ ግን አንድ ጊዜ ነው። ችግር ይፈጥርብኛል? (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሊፈጥርብህ ይችላል። ሬጂስትራር (የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መዝገብ ክፍል) የሚመዘግብህ ፊደል በፊደል አመሳክሮ ነው፤ ዛሬ ያለፈ ልዩነት ስትመረቅ ዲግሪህ ላይ ይመጣል። መነሻህ የ12ኛ ክፍል ውጤትህ ይሁን። ትራንስክሪፕቱን የሰጠህ ትምህርት ቤት እዚያው ከተማህ ነውና አሁኑኑ ሄደህ እንዲያስተካክሉልህ ጠይቅ። መዝገቡን ማስተካከል ካልቻሉ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ፎቶህ የተለጠፈበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያዝ። የፋይዳ ምዝገባህንም አይና ከተለየ አስተካክል። በእስክሪብቶ መደረብ ወይም በነጭ ቀለም ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የፊደል ስሕተት የነበረው ሰነድ የተጭበረበረ ማስረጃ ይሆናል።

ጥሪዎች በተለምዶ የሚጠይቁት የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ክፍል ውጤት «ዋናውና የማይመለስ ኮፒ» ነው። ዋናው ታይቶ ይመለስልሃል፣ ኮፒው ይቀራል። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኮፒ አድርግና አንዱን ቤት አስቀምጥ፤ ሁሉንም በስልክህ አንሥተህ ለእናትህም ላክላት። 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ ስምንት ያህል ያዝ። መታወቂያ፣ ካፌ፣ ዶርም እያለ ይበላል፣ በምዝገባ ሳምንት ደግሞ የፎቶ ቤቱ ሰልፍ ረጅም ነው።

ጥያቄ፦ ለልጆቻችን በሶና ድርቆሽ እንልካለን። ባለፈው የላክነው ሻግቶ ተጣለ። ምን አጥፍተን ነው? (ከወረኢሉ)

መልስ፦ ስንቅ የሚያበላሸው እርጥበት ነው፤ እርጥበቱም ብዙ ጊዜ ከቤት ይነሣል። በሶ ተፈጭቶ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ ከታሸገ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለሳል፤ በማግሥቱ ይጓጉላል፣ በሳምንቱ ይሸታል። ገብሱ እስከ ውስጡ ይቆላ፣ ዱቄቱም ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ አዳሩን ይብረድ። ከዚያ ጥብቅ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ይሞላ። ፌስታል አይጥ አያግድም።

እንጀራው ድርቆሽ የሚሆነው ከመድረቁ በፊት ተቆራርጦ ሲሰጣ ነው። ሳይቆረጥ ከተሰጣ ጠርዙ ደርቆ መሐሉ ይታመቃል፤ የእናንተም የሻገተው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በጣት ሲጨበጥ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከታጠፈ ገና ነው። ሃያ እንጀራ ደርቆ 2 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ለሻንጣ አይከብድም። ልጁ ግን እሳት እንደሌለው አትርሱ፤ በአዋዜና በዘይት ሳይበስል የሚፈተፈት አድርጉለት። ቋንጣም እንዲሁ ጥሬውን ሳይሆን ተጠብሶ ተፈርፍሮ ይላክ።

ጭኮ ከሆነ ቅቤው በደንብ መነጠር አለበት። ውሃና አጓት ያልወጣለት ቅቤ ይበላሻል። ክርስቲያን ልጆች ኅዳር 15 ቀን የነቢያትን ጾም ስለሚይዙ ለዚያ ሰሞን በቅቤ ያልተለወሰ በሶ ላኩ። ለሙስሊም ልጆች በረመዳን በሶ የስሑር ደራሽ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። አንድ ልጅ በቀን 60 ግራም ቢጠጣ 5 ኪሎ በሶ ሦስት ወር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ዶርም ውስጥ ግን ብቻውን የሚበላ የለም፤ አንድ ወር ከቆየ ጥሩ ነው። አብዝቶ ከመጫን በየወሩ በሚሄድ ሰው 2 ኪሎ መላክ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን፦ ነቀዝ እንዳይገባ ብላችሁ ለጎተራ እህል የሚሸጠውን እንክብል ስንቅ ውስጥ አትጨምሩ። የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ዶርም ስገባ መጀመሪያ ምን ልፈትሽ? ትኋን አለ ይባላል፣ መብራትም ቶሎ ቶሎ ይጠፋል ይላሉ። (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) ቁልፍ ሲሰጥህ የአልጋ፣ የፍራሽ፣ የወንበርና የሎከር ርክክብ ያስፈርምሃል። ሳትፈርም እያንዳንዱን እይ። የተሰበረ እግር ወይም የተገነጠለ መዝጊያ ካለ ፎቶ አንሣና ቅጹ ላይ «የተሰበረ» ተብሎ ይጻፍልህ። ካልተጻፈ ግቢውን ስትለቅ ክሊራንስ ላይ አንተ ትጠየቅበታለህ።

የመብራቱ ምክንያት ምድጃና የውሃ ማፍያ ነው። መስመሩ 220 ቮልት ነው፤ 10 አምፒር የሚችል ማከፋፈያ የሚሸከመው 2,200 ዋት ነው። ስድስት የስልክ ቻርጀርና ሦስት ላፕቶፕ አንድ ላይ 300 ዋት ገደማ ስለሆኑ ምንም አይሉትም። 1,500 ዋት የሆኑ ሁለት ምድጃዎች ግን 13 አምፒር ያልፋሉ። ያኔ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ቆጣሪው ብቻ ይወድቅና ፎቁ ይጨልማል። ማከፋፈያ ስትገዛ ገመዱ ወፍራም፣ አምፒሩም ላዩ ላይ የተጻፈ ይሁን። አንዱን በሌላው ላይ አትቀጥል።

ትኋኑን አንሶላ ሳታነጥፍ ፈልግ። በስልክህ መብራት የፍራሹን ስፌት፣ የብረቱን መገጣጠሚያና የቱቦውን ጫፍ እይ፤ የቀለም ነጠብጣብ የመሰለ ጥቁር ነቁጥ ካየህ አለ ማለት ነው። ሻንጣህን አልጋ ላይ ሳትከፍት ለፕሮክተሩ ንገር፣ ፍራሽ እንዲቀየርልህም ጠይቅ። አልጋው ወደ ደጅ መውጣት ከቻለ መገጣጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ ይፈስስበታል፤ ትኋኑም እንቁላሉም የሚሞተው በሙቀት ነው። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፣ ስፌቱ ውስጥ ጥላ ያገኛል። የምትረጨው መድኃኒት ለቤት የተሠራ ይሁን፣ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ተስማምተው በአንድ ቀን ይረጭ። አንድ አልጋ ብቻ ከተረጨ ወደ ጎረቤት አልጋ ይሻገራል።

ለእረፍት ወደ ደሴ ስትመለስም ልብስህን በላስቲክ አሥረህ አምጣ። ሻንጣውን ከመኝታ ክፍል ራቅ አድርገህ ክፈት፣ ልብሱ ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ የሻንጣው ስፌትም በመብራት ይታይ።