«ታታሪ ነበሩ» ብለን ብቻ እንሸኛቸው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከሳሊናስ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የባለቤቴ ወላጆች ሜክሲኳውያን ናቸው። አባቱ ባለፈው ኤፕሪል ዐረፉ። በ1972 በ19 ዓመታቸው ከሚቾአካን ገጠር መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰላጣ እርሻ ላይ ነው የሠሩት። በመጨረሻ ወገባቸው ቀና አይልም ነበር።

ልጆቼ «አቡዌሎ» ይሏቸው ነበር፤ አያታችን ለማለት። እኔና እሳቸው በቋንቋ ብዙም አንግባባም። ግን አንድ ቀን እናቴ የላከችልኝን ሚጥሚጣ ብርቱካን ላይ ነስንሰው ሲበሉ አየኋቸው። ደነገጥኩ። ለካ አገራቸውም ፍራፍሬ በሚያቃጥል በርበሬ ይበላል! ከዚያ ወዲህ ለእኔና ለእሳቸው ሁለት ብርቱካን ልጦ መቀመጥ ልማድ ሆነ።

ሲያርፉ ለዘጠኝ ተከታታይ ማታ መቁጠሪያ ተጸለየ። አሁን ደግሞ ኖቬምበር 2፣ የሙታን መታሰቢያቸው ደረሰ። ቤት ውስጥ ፎቷቸውን፣ የሚወዱትን ምግብና ብርቱካንማ አበባ ይደረድራሉ። ባለቤቴ የበኩር ልጅ ስለሆነ ስለ አባቱ እንዲናገር ተጠየቀ። እሱ ግን «ምን ልበል? ታታሪ ነበር፣ በቃ። ልደቴ ጃንዋሪ ላይ ነው፤ አንድም ጊዜ ቤት አልነበረም» ይላል። እህቶቹ ተቀየሙት። ይባስ ብሎ አባቱ ያጠራቀሙትን የጫማ ካርቶን ሙሉ የደመወዝ ወረቀት ልጣለው ሲል እናቱ አለቀሱ።

በእሱ ፈንታ እኔ ልናገር? ደግሞስ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ ፊት መቆሜ ነውር ይሆንብኝ ይሆን?

ምራት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሁሉ በፊት ያንን ካርቶን ደብቂልኝ።

ቆሻሻ አይደለም። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ያለ ፈቃድ ይኖሩ የነበሩ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ባለ መኖሪያ ፈቃድ አድርጓል። የእርሻ ሠራተኛ በዚያ ሕግ ለመጠቀም እስከ ሜይ 1986 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 90 ቀን ማሳ ላይ መሥራቱን ማሳየት ነበረበት። በምን ያሳያል? በደመወዝ ወረቀት፣ ወይ ካቦው በሚጽፍለት ደብዳቤ። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈለው የኖረ ሰው ካቦውን ፍለጋ ሲባዝን ይከርማል። ያንን ዘመን ያየ ሰው ብጣሽ ወረቀት አይጥልም። እሳቸው የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ያገኙት በዚያ ሕግ ይሁን አይሁን እናትየው ያውቃሉ። ቡና አፍልተሽ ጠይቂያቸው።

ቀጥሎ ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የጃንዋሪዎቹን ወረቀቶች ለዩ። ላይ የተጻፈውን ቦታ እዩ። ዩማ፣ አሪዞና የሚል ብታገኙ አልገረምም። ሳሊናስ ላይ ሰላጣ የሚመረተው ከፀደይ እስከ በልግ ነው። ብርዱ ሲመጣ ሥራው ወደ ዩማ በረሃ ይዞራል፤ አሜሪካ በክረምት የምትበላው ሰላጣ አብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው። ለቃሚውም ሰላጣውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን ትቶ። ልጆች ትምህርት ቤት አላቸዋ! ባልሽ ጃንዋሪ መወለዱ የእሱም የአባቱም ጥፋት አይደለም።

ይህን ስልሽ ግን «ስለዚህ ቅሬታህን ተው» በዪው ማለቴ አይደለም። ምክንያቱን ማወቅ ያጣውን ልደት አይመልስለትም። እንዲያውም እሱኑ ይናገር። «አባቴ ክረምት ክረምት ቤት አልነበረም፤ ይኸው የነበረበት» ብሎ ወረቀቱን ቢያሳይ፣ ከማንኛውም ውዳሴ ይበልጣል። እኛስ ምን እናደርጋለን? የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» እንላለን። ስሙን ቀይሮ ለሌላ ሟች ቢነበብ የሚነቃ የለም።

ታታሪነታቸውንም ቢሆን በሥራው ይናገሩት። በ1972 ሳሊናስ የገባ ሰው «ኤል ኮርቲቶ» የምትባለውን መኮትኮቻ ሳይዝ አልቀረም። እጀታዋ ከክንድ አይበልጥም። የበቀለውን ሰላጣ ለማሳሳት ቀኑን ሙሉ ታጥፎ መዋል ነው። ባለ እርሻዎቹ ሥራው በእሷ ጥራት ያገኛል ይሉ ነበር። ካቦዎቹ ደግሞ ሌላ ጥቅም አገኙባት፤ ቀና ያለ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ያረፈው ይታወቃል። የሠራተኞች ጠበቆች ተከራክረው ካሊፎርኒያ በ1975 ከለከለቻት። የአማትሽ ወገብ የጎበጠው በእሷ ይሁን በዕድሜ እንጃ፣ አብረዋቸው የሠሩ ሽማግሌዎች ግን እዚያው ከተማ አይጠፉም። ለኖቬምበር 2 ጥሯቸው። ልጆችሽም ከእነሱ አፍ ይስሙ።

መቆሙን በተመለከተ፣ የአማትሽን ሐዘን መካፈል ነውር የለውም። ፎቶውና ምግቡ የሚደረደርበት መሠዊያ ነገር ከከነከነሽ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ፤ እኔ ቄስ አይደለሁም።

ያንቺን ድርሻ ደግሞ አንቺ ተናገሪ። የሚጥሚጣውና የብርቱካኑ ታሪክ ያንቺ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ስፓኒሽሽ ቢሰባበርም ግድ የለም። በባልሽ ቦታ ግን አትግቢ። ዘንድሮ እምቢ ካለ ከእህቶቹ አንዷ ትናገር። አንቺ ከተካሽው ቅያሜው ወደ አንቺ ይዞራል፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት ሰበብ አያጣም።