ስታር ትሬክን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ወንድሜ ስታር ትሬክ በሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ተከታታይ ድራማ ያበደ ነው። እኔም ልሞክር ብዬ የመጀመሪያውን፣ የ1966ቱን (እ.ኤ.አ.) ከፈትኩ፤ ድንጋዩ ሁሉ ካርቶን ይመስላል። ሳይጋመስ ዘጋሁት። ወንድሜ ደግሞ «ከካፒቴን ፒካርድ ጀምሪ» ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ተከታታይ የመርከብ አዛዥ ነው። በጠቅላላው ከ800 በላይ ክፍል አለው ሲባል ገና ሳልጀምረው ደከመኝ። እርስዎ ይህን ያህል ዓመት የወደዱት ምኑን ነው? ከየትስ ልጀምር?
ሜ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የአራት ኪሎ ልጅ መሆንሽ መልሱን አቀለለልኝ። ከ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ጀምሪ። ከ1993 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የታየ፣ 7 ምዕራፍና 176 ክፍል ያለው ነው። ከስታር ትሬክ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

በሌሎቹ የስታር ትሬክ ተከታታዮች የጠፈር መርከቧ አንድ ፕላኔት ትደርሳለች፣ ችግር ትፈታለች፣ ትሄዳለች። እዚያ የቀሩት ሰዎች ምን ሆኑ? ብዙ ጊዜ አይነገረንም። ዲፕ ስፔስ ናይን ግን የጠፈር ጣቢያ ነው፤ በጆር ከምትባል ፕላኔት አጠገብ ይኖራል። በጆርን ካርዳሲያኖች የሚባሉ የሌላ ፕላኔት ሰዎች ለ50 ዓመት ያህል ገዝተዋታል፣ ዘርፈዋታል፣ ሕዝቧን በግዳጅ ሥራ ጨርሰዋል። ጣቢያውንም የሠሩት እነሱ ናቸው። ታሪኩ የሚጀምረው ጠላት በወጣ ማግስት ነው።

ይህን እኛ እናውቀዋለን። በየቀኑ የምታልፊው የአራት ኪሎ ሐውልት የሚያዝያ 27 ቀን 1933 መታሰቢያ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ከፍ ስትዪ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት አሉ። አያቴ ስለ ጠላት ጊዜ ስታወራ ውጊያውን ብዙም አታነሳም ነበር። የምታነሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው፤ ማን ከማን ጋር ቡና መጠጣት እንደተወ፣ የማን ልጅ «የባንዳ ልጅ» እየተባለ እንዳደገ። ሜጀር ኪራን ባየሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ትለኛለች። ኪራ ከልጅነቷ ጀምሮ ዱር ቤቴ ብላ ካርዳሲያኖችን የተዋጋች የበጆር አርበኛ ናት። አሁን ዩኒፎርም ለብሳ ቢሮ ትገባለች። የጣቢያው የጸጥታ ኃላፊ ኦዶ በካርዳሲያኖቹም ጊዜ እዚያው ሥራ ላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ ታምነዋለች። ለምን እንደምታምነው ቀስ እያልሽ ትደርሺበታለሽ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ገደማ «ዱዌት» የሚባል ክፍል አለ። አንድ ካርዳሲያናዊ ታሞ ጣቢያው ይመጣል። በሽታው የሚገኘው በአንድ የታወቀ የግዳጅ ሥራ ካምፕ በነበሩ ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ኪራ ወዲያው ታስረዋለች። እሱ «እኔ ተራ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ፋይል ነበር የምይዘው» ይላል። ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው ሁለት ሰዎች እስር ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ ነው የምታዪው። ፍንዳታ የለም፣ የጠፈር ውጊያ የለም። እስረኛውን የተጫወተው ሃሪስ ዩሊን ነው፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ኪራ ስትገባ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው እንዲቀጣ። መጨረሻውን አልነግርሽም። ግን ከጠላት ጋር ስለመኖር እንዲህ በድፍረት የተናገረ የጠፈር ድራማ ሌላ አላየሁም።

ምዕራፉ ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽሽም። «ሙቭ አሎንግ ሆም» የሚባለውን ምንም ሳይቆጭሽ ዝለዪው።

የ1966ቱንም ጨርሰሽ አትጣዪው። ድንጋዩን ተዪና የመርከቧን መኮንን ኡሁራን የተጫወተችውን ኒሼል ኒኮልስን ተመልከቺ። በ1992 እ.ኤ.አ. ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጄሚሰን በልጅነቷ ያነሳሳቻት ኡሁራ እንደሆነች ተናግራለች።

ወንድምሽም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የዲፕ ስፔስ ናይኑ አዛዥ ሲስኮ ሚስቱን ያጣው፣ ፒካርድ ቦርግ በሚባሉ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን በሆኑ ጠላቶች ተማርኮ ሳይወድ በግድ ለእነሱ በተሰለፈበት ውጊያ ነው። የፒካርድን መማረክ የሚያሳዩት በ1990 እ.ኤ.አ. የወጡት «ዘ ቤስት ኦፍ ቦዝ ዎርልድስ» የተባሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። እነሱን አብራችሁ እዩና ወዲያው የዲፕ ስፔስ ናይንን መጀመሪያ፣ «ኤሚሳሪ»ን ክፈቱ። ወንድምሽ የሚያከብረውን ካፒቴን ሲስኮ በምን ዓይን እንደሚያየው አብራችሁ ታያላችሁ።