ዓይን አፋር ወይስ ደንባራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቨርጂኒያ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ሊያልቅ ነው። የጤና መድን የሚሰጠኝ 90 ቀን ስሞላ ስለሆነ አለቃዬን ስጠይቀው «ገና 3 ቀን ሻይ ነህ» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ አለኝ። እኔ የማውቀው «ሻይ» ዓይን አፋር ማለት መሆኑን ነው። «ከእንግዲህ አላፍርም» ብለው በሳቅ ፈነዳ። ምን ማለቱ ነበር?

መልስ፦ «3 ቀን ይቀርሃል» ማለቱ ነበር። ይህ አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከአሜሪካ ቁማርተኞች የወጣ ነው፤ የሚያሲዘውን ገንዘብ ያላሟላ ተጫዋች «ሻይ» ይባል ነበር።

ቃሉ እኔንም አስቸግሮኛል። እንግሊዝኛ ሳስተምር በሰሌዳው ላይ ጽፌ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩበት ጠየቅሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ «አይ አም ሻይ» ከማለቱ ሌላው «ስኳር ይጨመርበት?» አለ። ያ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም። (የሚጠጣው ሻይ መነሻው የቻይናው «ቻ» ነው፤ ዝምድና የላቸውም።)

ወደ ጥንቱ ስንሄድ ግን እፍረት የለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ በቀላሉ የሚደነግጥ ማለት ነበር፤ የጀርመንኛው ወንድሙ «ሾይ» ዛሬም ለሚበረግግ እንስሳ ያገለግላል። እንግሊዞችም ፈረስ ነፋስ ያነሣው ወረቀት አይቶ ከመንገድ ሲወጣ በዚሁ ቃል ይናገራሉ። እኛ «ደነበረ» የምንለው ነው እንግዲህ። ቃጭል የተጨመረባት ያቺ የተረታችን ደንባራ በቅሎ በእንግሊዝኛ «ሻይ» ናት። የእኛው ዓይን አፋር ነገሩን ከሰው ዓይን ያስጀምረዋል፤ የእነርሱ ከጋማ ከብት ድንጋጤ ተነሥቶ ነው ዓይን አፋሩ ሰው ዘንድ የደረሰው። መዝገበ ቃላቶቻችን «ዓይን አፋር» ብለው ማቆማቸው ስሕተት ባይሆንም ግማሽ መንገድ ነው።

ጉዳቱን በፈተና ወረቀት አይቼዋለሁ። «አንዴ የተነከሰ፣ ሁለት ጊዜ ይበረግጋል» የሚለውን የእንግሊዞች ተረት አንድ ተማሪ «አንዴ የተነከሰ ሁለቴ ያፍራል» ብሎ ተረጎመው። ነካሹ ይፈር እንጂ እርሱ ምን አደረገ! «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።