ታኮ ቤት ለምትጋበዢው ጿሚ እህታችን፦ ቦሎቄውን ሳትጠይቂ እንዳትዘዢ

«ዴንቨር ከመጣሁ ገና ነው፤ የሥራ ጓደኞቼ አርብ አርብ ሰፈር ያለ የሜክሲኮ ታኮ ቤት ይወስዱኛል፤ አሳማ አልበላም፣ እጾማለሁ፣ ምን ልዘዝ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እስካሁን የተሰጡሽን መልሶች አንብቤያቸዋለሁ። «ቦሎቄና ሩዝ እዘዢ፣ እሱ ጾም ነው» ያሉሽን ሰዎች በፍጹም እንዳትሰሚ። እኔ ማታ ማታ ኡበር እየነዳሁ ኮልፋክስና ሀቫና ጎዳና ላይ ባሉት ታኮ ቤቶች ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላው ቤት ሁሉ ሲዘጋ እነሱ ክፍት ናቸው። የማውቀውን ልንገርሽ።

1. አሳማውን በየስሙ እወቂው። ሰሌዳው ላይ «ፖርክ» ብለው አይጽፉልሽም። አል ፓስቶር የሚሉት፣ ቆሞ በሚዞር ብረት ላይ የተደራረበው፣ አናቱ ላይ አናናስ የተሰካበት ቀይ ሥጋ አሳማ ነው። የኛ ሰው ሻወርማ መስሎት ያዘዋል። ነገሩ መሠረት አለው፤ አጠባበሱን ወደ ሜክሲኮ ያመጡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው፤ እዚያ ሲደርስ ግን ሥጋው ወደ አሳማ ተለወጠ። ካርኒታስም አሳማ ነው፣ ያውም በገዛ ስቡ የበሰለ። ቾሪዞ፣ ቡቼ፣ ቺቻሮን የሚባሉትንም እለፊያቸው። ካርኔ አሳዳ፣ ሱዋዴሮ እና ሌንጓ የበሬ ናቸው፤ ሌንጓ ምላስ ነው፣ ለሚወደው ሰው ግሩም ነው። ቢሪያ የሚሉት ወጥ በአገሩ፣ በሜክሲኮዋ ሃሊስኮ ግዛት፣ የፍየል ነው፤ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ በበሬ ይሠሩታል።

2. ቶርቲያ፣ ታኮው የሚጠቀለልበትን ቂጣ፣ ሲጠይቁሽ የበቆሎውን በይ። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ይፈጫል፣ ከዚያ በደረቅ ምጣድ ይጋገራል፤ ስብ የሚባል ነገር አይገባበትም። የስንዴው ግን ሲቦካ ስብ ይገባበታል፤ አንዳንዱ ቤት የአሳማ ስብ ነው የሚጠቀመው። ታማሌ የሚሉት የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥም እንደዚያው፣ ሊጡ ራሱ በስብ ይታሻል። የበቆሎውንም ቢሆን ሥጋ በሚጠበስበት ምጣድ ላይ እያሹ ስለሚያሞቁት «ለብቻው አሙቁልኝ» ማለት አለብሽ።

3. ቦሎቄው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት፣ ስለዚህ በደንብ አንብቢው።

ፍልሰታ ውስጥ ነበር። አክስቴ ከደብረ ብርሃን በመጡበት ሰሞን ከሐኪም ቀጠሮ ስመልሳቸው ራባቸው፤ መንገዳችን ላይ የነበረው አንድ ታኮ ቤት ብቻ ነው። ስሙን አልጠራም። ካሸሩን አጥብቄ ጠየቅሁት። «ቦሎቄው ሥጋ አለው?» የለውም። «ቅቤስ? አይብስ?» የለውም። አይቡ ከላይ እንዳይነሰነስ አስጠንቅቄ አዘዝኩ። አክስቴ ጾማቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይተው የነበሩ ሰው ናቸው፤ የተፈጨውን ቦሎቄ በቶርቲያ እየጠቀለሉ ሳህኑን ጠረጉት፤ እኔም ደስ አለኝ።

ውሃ ልቀዳ ስነሳ ወጥ ቤቱ በመስኮቱ ይታያል። ማብሰያው ሰውዬ ከነጭ ባልዲ ውስጥ የረጋ ስብ በትልቅ ማንኪያ ዛቀ፣ ማንኪያውን በመጥበሻው ጠርዝ ላይ መታው፣ ስቡ ወደቀና ተንሸራቶ ቀለጠ። ከዚያ ቦሎቄውን ከነውሃው ገለበጠበትና ይፈጨው ጀመር። ባልዲው ላይ «ማንቴካ» ተብሎ ተጽፏል። የአሳማ ስብ ነው።

ወደ ካሸሩ ተመልሼ ስጠይቀው ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። «ሥጋ አለው ወይ አልክ፣ የለውም አልኩህ። ስብ ሥጋ አይደለም።» የጾም ነገር እንደሆነ፣ አሳማ በጾምም በፍስክም እንደማንበላ ለማስረዳት ሞከርኩ። ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቀው «የበላኸውን?» አለኝና ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው «ቀጣይ» ብሎ ጠራ። ሰው ሁሉ እያየኝ! ገንዘቡ ኢምንት ነው። አንዲት አሮጊት ሴት በእንግድነት አገር እምነታቸው ተነክቶ «ይቅርታ» የሚል ጠፋ፣ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አክስቴ መኪና ውስጥ አፋቸውን ሲጉመጠመጡ ቆዩ፣ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። በማግሥቱ ንስሐ አባታቸው ጋ ደውለው «ሳያውቁ የሆነ ነው» ስለተባሉ ተጽናኑ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከቤት ውጭ የተሠራ ምግብ አይቀምሱም።

ነገሩ የገባኝ በኋላ፣ የሜክሲኮዋ ሚቾአካን ግዛት ተወላጅ የሆነች አንዲት ባለሙያ ሴት ስታስረዳኝ ነው። አሁን ደንበኛዋ ነኝ። ሜክሲኮዎችም በሁዳዴያቸው አርብ አርብ ሥጋ አይበሉም፣ ኩዋሬስማ ይሉታል፤ በዚያ ወቅት የሽሪምፕና የዓሣ ታኮ ይለጥፋሉ። የካቶሊክ ጾም ግን የሚከለክለው ሥጋን ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ በእንስሳ ስብ የተሠራም ምግብ ይፈቀዳል። ስለዚህ አንድ ሜክሲኮ «የጾም ነው፣ ሥጋ የለውም» ሲልሽ በራሱ ሥርዓት እውነቱን ነው፤ ያንቺን ጾም ግን ያፈርስብሻል። እንግዲህ «ሥጋ አለው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። በምን እንደተጠበሰ ጠይቂ፦ «ኮን ማንቴካ ኦ ኮን አሴይቴ?» በስብ ነው በዘይት ማለት ነው። ሩዙንም እንዲሁ፤ ብዙ ቤት በዶሮ መረቅ ነው የሚያበስለው፣ ቀይ ሆኖ ሲመጣ ቲማቲም ብቻ ይመስላል። ሳይጠበስ የተቀቀለ ቦሎቄ ካላቸው እሱ ይሻላል፤ ግን አንዳንዱ ቤት ቤከን፣ ያው የአሳማ ሥጋ፣ ጣል ያደርግበታልና አሁንም ጠይቂ።

ይቺ ሴትዮ «አዩኖ» ስላት፣ ጾም ላይ ነኝ ማለት ነው፣ ሌላ መጥበሻ ታወጣለች፣ ዘይት ታፈሳለች፣ ለእኔ ብቻ ኖፓል ትጠብስልኛለች። ኖፓል ማለት የኛው የበለስ ቁልቋል ቅጠል ነው፤ ትግራይ በሄድሽበት ሁሉ የምታዪው ያው ተክል። እኛ ፍሬውን እንበላለን፣ እነሱ እሾሁን ልጠው ቅጠሉንም ይበሉታል። ትንሽ ይዝለገለጋል፣ በሎሚና በጨው ግን ልብ ያደርሳል። ደግሞ ልብ በይ፣ በቆሎው፣ ቦሎቄው፣ ቁልቋሉ፣ አቮካዶው፣ ቃሪያው ስፔኖች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሳማ ይዘውባቸው ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ማዕዳቸው ነው። ስቡን ካስወጣሽለት የሜክሲኮ ማዕድ ለጿሚ የተመቸ ነው፤ ይህን የምለው የአሜሪካንን በርገር ቤት ሁሉ አይቼ ነው።

እንግዲህ አርብ ስትሄጂ እንዲህ በይ፦ በበቆሎ ቶርቲያ፣ ኖፓል ወይም እንጉዳይ በዘይት፣ «ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ማንቴካ» (አይብ፣ ክሬም፣ ስብ የሌለው ማለት ነው)፣ ከላይ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል፣ በጎኑ ጓካሞሌ፣ የተፈጨ አቮካዶ ነው። ጓካሞሌው ውስጥ ክሬም የሚጨምሩ ቤቶች ስላሉ እሱንም አጣሪ። ሳልሳ ከሚሉት የቃሪያ ማባያ ቀዩም አረንጓዴውም ጾም ነው፤ ነጣ ያለውንና ክሬም የሚመስለውን አትንኪው። ለመጠጥ ሃማይካ እዘዢ፣ ከርከዴ ነው። ኦርቻታ የሩዝና የቀረፋ ነው ቢሉሽም ወተት የሚጨምሩበት አሉ።

ሰልፍ በሌለበት ሰዓት ቀድመሽ ብቻሽን ሄደሽ ወጥ ቤቷን አናግሪያት፣ ካሸሩን አይደለም። የሥራ ጓደኞችሽ ፊት መከራከር አያስፈልግሽም። ፊት የሚያጠቁርብሽ ቤት ከሆነ ውጪና ቀጣዩን ሞክሪ፤ ኮልፋክስ ላይ ታኮ ቤት ሞልቷል። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ደግሞ አርቡም ፍስክ ነውና ያን ጊዜ ሌንጓውን እዘዢ፣ ሎሚ ጨምቀሽበት።