እናትሽን ወደ ባሕር ዳር ስታመጪ

እህቴ፣ «የ76 ዓመት እናቴን ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር ላመጣት ነው፤ የመጋቢቱን ሙቀት እንዴት ትችለዋለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እማየን ከደብረ ማርቆስ ያመጣኋት ልክ በሁዳዴ ነበርና ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጣች በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ በሟች አክስቴ ስም ጠራችኝ። ዓይኗ ፈዟል፣ ቆዳዋ ይፋጃል። ጎረቤት «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ ቀባናት፣ ጋቢ ደረብንላት፣ በር ዘጋን። ሁለት ሰዓት እንዲህ አለፈ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሰውነቷ ውሃ አልቆበታል ተባለ። ያ ጋቢ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ቢቸናም ደጋ ነው። ሰውነት አዲስ ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። እነዚያን ቀናት አደራ፣ ብቻዋን አትተያት።

ሲጠማት ትነግረኛለች ብለሽ ደግሞ አትጠብቂ። ሰው ሲያረጅ የውሃ ጥሙ ይደክማል። እማየ «አልጠማኝም» ስትለኝ እውነቷን ነበር። አሁን አልጠይቃትም፤ ቀድቼ እጇ ላይ ነው የማስይዛት። ሌላም ነገር ደረስኩበት። ሽንት ቤቱ ውጭ ስለሆነ ሌሊት ላለመነሣት ብላ ውሃ ትቀንስ ነበር። ፖፖ ገዛሁላት፤ መጠጣት ጀመረች። ጠላ ግን ውሃን አይተካም።

ዋናው ፈተና ጾሙ ነው። 55 ቀን፣ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ውሃ አትቀምስም። ብለምን ባለቅስ አልሰማችኝም። መጨረሻ ላይ የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩ። ሁኔታዋን አስረዳኋቸው፤ ጠዋት ውሃ እንድትጠጣ ፈቀዱላት። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። አንቺም ከመምጣቷ በፊት አነጋግሪያቸው። ማፍጠሪያዋ ላይ ሱፍ ፍትፍት ወይም በሶ በጥብጠሽ ስጫት፤ ውሃም ምግብም ነው።

የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች? አንዳንዱ የሚያሸና ስለሆነ ውሃዋን ያስወጣዋል። በራስሽ አታቋርጪው፤ ሐኪሟን ጠይቂ። ልብ ወይም ኩላሊት ካመማትም የውሃዋን ልክ እሱ ይንገርሽ።

ቤትሽ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ከቀትር እስከ 10 ሰዓት እዚያ አታስቀምጫት። ዛፍ ጥላ ሥር ይሻላታል። መስኮት ስትከፍቺ «ነፋስ ይመታኛል» ማለቷ አይቀርም። አትሟገቻት፤ ወንበሯን ከነፋሱ መስመር ፈቀቅ አድርጊው። ጋቢውን በነጠላ ቀይሪላት።

ሽንቷ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ካዞራት ወይም ከደከማት ቶሎ ጥላ ውስጥ አስገብተሽ ውሃ ስጫት። ንግግሯ ከተምታታ ወይም ራሷን ከሳተች ግን አትጠብቂ፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ሙቀቷ 40 ዲግሪ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ይገድላል። መኪና እስኪመጣ ልብሷን አላልተሽ አንገቷን፣ ብብቷንና ብሽሽቷን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዢ፤ አራግቢላት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ትን ይላታል።

በሞጣ በኩል ስትመጡ በጠዋቱ መኪና ተነሡ። መስኮት ዳር ፀሐይ በማያገኛት በኩል አስቀምጫት፣ ውሃውንም አንቺ ያዢላት።