የተሰነጠቀው የሃርሊንግ ዱላና የአጥቢያው ቡድን

ጥያቄ፦ የምንኖረው አየርላንድ፣ ኪልኬኒ አጠገብ ባለ ገጠር ነው። የ9 ዓመቱ ልጄ ሃርሊንግ የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ ጀምሮ በሁለት ወር ሁለት ዱላ ሰበረ። ሁለቱም የተሰነጠቁት ከታች፣ ሰፊው ጫፍ ላይ ነው። ጥፋቱ የልጁ ነው የእንጨቱ? ጨዋታውስ ከእኛ የገና ጨዋታ በምን ይለያል?

መልስ፦ እዚያ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ልጁን አይቆጡት፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እንጨቱ ነው። ጥሩ ዱላ የሚሠራው ከአሽ ዛፍ ነው፤ ያውም ከግንዱ ግርጌ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ካለው ክፍል ብቻ። እዚያ ግንዱ ወደ ሥሩ ሲታጠፍ ቃጫውም አብሮት ይታጠፋል። ቀጥ ካለ ጣውላ የተቆረጠ ዱላ ግን መታጠፊያው ላይ ቃጫው ስለሚቋረጥ ኳሷ በኃይል ስታርፍበት እዚያው ይተረተራል።

ሲገዙ ብርሃን ላይ ያዙትና የእንጨቱን መስመሮች ከእጀታው ጀምረው በዓይንዎ ይከተሉ። ከመታጠፊያው ጋር ዞረው ጫፉ ድረስ መሄድ አለባቸው፤ መሃል ላይ በጠርዙ ከወጡ አይግዙት። ለልኩ ልጁን ቀጥ አድርገው ያቁሙና ዱላውን ከጎኑ ያስደግፉ፤ የእጀታው ጫፍ ዳሌው አጥንት ጋ ይድረስ። «ያድግበታል» ብሎ ረጅም መግዛት አይበጅም፤ ልጁ መሃሉን ይዞ ይለምድና አመታቱ ይበላሻል።

ጫፉን የሚያስረው ስስ ብረት ስንጥቁ እንዳይገፋ የሚይዝ ነውና ሲላላ ቶሎ ያስጠብቁት፤ ምስማሩ ብቅ ካለ የሌላ ልጅ እጅ ይቀድዳል። ዱላውን ማሞቂያ አጠገብ አያኑሩ፤ ደርቆ ይሰባበራል። አልፎ አልፎ በጨርቅ የተልባ ዘይት ይቀቡት። እ.ኤ.አ. በ2012 አየርላንድ ውስጥ የታየው የፈንገስ በሽታ የአሽ ዛፉን እየጨረሰ ስለሆነ ደህና ዱላ ያገኘ ሰው ቢንከባከበው ይገባል።

ከገና ጋር የሚያመሳስለው ቆልማማው ዱላ ነው። የሃርሊንግ ዱላ ግን ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኳሷን አየር ላይ ይመቱባታል፣ ጫፉ ላይ አስቀምጠውም ይሮጡባታል። ኳሷ ቆዳ የለበሰች፣ ከ110 እስከ 116 ግራም ናት። ከመሬት በእጅ ማንሳት ክልክል ነው፤ በዱላው አንስቶ በእጅ ከያዙ በኋላ ግን እስከ 4 እርምጃ ይፈቀዳል። በየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል። ከግቡ አግዳሚ በታች የገባች 3 ነጥብ፣ በላይ ያለፈች 1 ነጥብ ታስቆጥራለች። ፊትን የሚሸፍን የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ ለልምምድም ቢሆን ያለሱ አይላኩት።

ጥያቄ፦ የቡድናችን ስም ከመንደራችን ስም ጋር ለምን አይገጥምም?

መልስ፦ ቡድን የሚደራጀው በአብዛኛው በካቶሊክ አጥቢያ ስለሆነ ነው። ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1884 ቱርልስ ከተማ ሲመሠረት የገጠሩ ሰው የሚሰባሰበው በአጥቢያው ነበር። አንድ አጥቢያ ብዙ መንደር ስለሚያቅፍ ቡድኑ በአንዱ መንደር ወይም በቅዱስ ስም ይጠራል። የመንደሩን ታሪክ ለማወቅ ከቦታው ስም ይጀምሩ፤ «ባሊ» ሰፈር ማለት ነው፣ «ኪል» ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዴም ጫካ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ጠይቀው የጻፉትን ስብስብ ይፈልጉ፤ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራም እንዲሁ፤ በየቤቱ ማን ይኖር እንደነበር በስም ያገኙበታል። ከዚያ በፊት የነበሩት የቆጠራ መዝገቦች አብዛኞቹ የሉምና እነሱን ፍለጋ ብዙ አይድከሙ።