መልስ፦ ስሎቬንያ በ10 ቀን ስትገላገል ቦስኒያ ለምን ለዓመታት ተዋጋች?

ሁለቱም ከስድስት ሪፐብሊኮች ፌዴሬሽን ከዩጎዝላቪያ ነው የወጡት፤ ዕጣቸው ለምን እንዲህ ተለያየ ብለሃል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ነገር የሕዝቡ አሰፋፈር ነው። ስሎቬንያ ውስጥ ሰርቦች ጥቂት ስለነበሩ የሰርቢያው መሪ ሚሎሶቪች እዚያ የሙጥኝ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። በዚያ ላይ በ1990 የፌዴራሉ ጦር የሪፐብሊኮቹን የመከላከያ ትጥቅ ሲሰበስብ ስሎቬንያ ከፊሉን አስቀርታለች። በሰኔ 1991 ነፃነት አወጀች፣ 10 ቀን ተታኮሱ፣ ብሪዮኒ በተባሉ የክሮኤሺያ ደሴቶች ላይ ተስማሙ። በቃ።

ቦስኒያ ግን ሌላ ነው። በ1991 ቆጠራ ሙስሊሞች 44 በመቶ ገደማ፣ ሰርቦች 31፣ ክሮአቶች 17 ነበሩ። ሦስቱም በአንድ ሕንፃ ላይ ጎረቤት ናቸው። ታዲያ ድንበሩን የት ታሰምረዋለህ? በ1992ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ አብዛኞቹ ሰርቦች ድምፅ አልሰጡም። ከዚያ ሰውን ከቀዬው እያባረሩ የአንድ ወገን ብቻ የሆነ መሬት መፍጠር ተጀመረ። ዋና ከተማዋ ሳራዬቮ በቦስኒያ ሰርብ ኃይሎች ለ4 ዓመት ገደማ ተከበበች። በአውሮፕላን ማረፊያዋ ሥር 800 ሜትር ገደማ ዋሻ ተቆፍሮ፣ ሰዉ ጎንበስ ብሎ ምግብ በጀርባው ያስገባ ነበር። ስሬብሬኒጻ በምትባል የምሥራቅ ቦስኒያ ከተማ ደግሞ በሐምሌ 1995 ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ታዳጊዎች በእነዚሁ ኃይሎች ተገደሉ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

«ድሮም ደመኞች ናቸው» የሚልህን ግን አትስማ። ሳራዬቮ ውስጥ ተጋብተውና ተዋልደው ይኖሩ ነበር። ለሥልጣን ሲሉ ፍርሃት የዘሩት ፖለቲከኞች ናቸው። የ1995ቱ የዴይተን የሰላም ስምምነትም ጦርነቱን ቢያስቆም አገሪቱን በሁለት አስተዳደር ከፍሏታል፤ እስካሁን ፕሬዚዳንትነቱን የሚይዙት ከሦስቱ ወገን የተመረጡ ሦስት ሰዎች ናቸው።